ህዳር 25 ማታ

ፍሪጁ ላይ በማግኔት የተያዘች ቢጫ ወረቀት ነበረች። በእስክሪፕቶ «ዲሴምበር 4 ማታ» ተብሎ ተጽፎባታል። ከሥሩ በዕብራይስጥ ሁለት ሦስት ቃላት አሉ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት የአዛውንቱ ልጅ ቤቱን እያዞረች ስታሳየኝ፣ ወረቀቷ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይቺን እንዳትረሻት» አለችኝ።

«የመድኃኒት ቀጠሮ ናት?»

«አይደለችም። የዝናብ ናት።»

ጊዜው በፈረንጆቹ 2022፣ ቅጠል የሚረግፍበት ወራት ነው። ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ሆም ኬር እሠራ ነበር። ሰፈሩ ብዙ ሃይማኖተኛ አይሁዶች የሚኖሩበት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና አይነዱም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ልጆቹን ይዞ በእግሩ ወደ ምኩራብ ይሄዳል። ከዚያ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ብትሄዱ ደግሞ እንጀራና በርበሬ የሚሸጡ የእኛ ሰዎች ሱቆች ታገኛላችሁ።

የምጠብቃቸው ሰው ዘጠናን ሊደፍኑ ትንሽ ነው የቀራቸው። እግራቸው ደክሟል። የድሮውን ነገር ሲያወሩ አእምሯቸው እንደ ምላጭ ነው። የሚከዳቸው የዛሬው ነው። ጠዋት የበሉትን ከሰዓት ይጠይቁኛል። በስማቸው መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ «አባባ» ማለት ጀመርኩ። ትርጉሙን ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ በኋላ በስማቸው ብጠራቸው ይከፋቸው ነበር።

አባባ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልያሉ። ከሁሉ የሚከብዳቸው ቆመው የሚጸልዩት ነው። አሚዳ ይባላል፤ ቃሉ ራሱ መቆም ማለት ነው። በአዘቦት ቀን 19 በረከቶች አሉት። ዘጠነኛው ስለ ዓመቱ ምርት ነው። በሞቃቱ ወራት እዚያ ቦታ ላይ «በረከትን ስጥ» ብቻ ይባላል። ከዚያች ከዲሴምበር ማታ ጀምሮ እስከ ፋሲካቸው ድረስ ግን ቃሉ ይለወጣል። «ታል ኡማታር ሊቭራኻ» ይባላል። «ጠልና ዝናብ ለበረከት ስጥ» ማለት ነው።

መጀመሪያ በጆሮዬ ስሰማው «ታል» የምትለዋ ያዘችኝ። «ጠል ማለት ነው?» አልኳቸው። ጠዋት ሣር ላይ የሚያድረውን ውሃ በእጄ እያሳየሁ ነገርኳቸው። አዎ፣ እሱው ነው። ያው አንድ ቃል። «ብራኻ»ም የእኛው በረከት ነው። እኒህ ሰው ከአውሮፓ ተሰድደው መጥተው፣ እኔ ከምንጃር መጥቼ፣ አንድ ወጥ ቤት ውስጥ በአንድ ቃል ተገናኘን። ያን ቀን ሥራው ሥራ መሆኑ ቀረ።

ወረቀቷ ለምን እንዳስፈለገች የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰው ሰባት ወር ተኩል «በረከትን ስጥ» ሲል ከርሞ በአንድ ማታ ምላሱን ማዞር አለበት። ከረሳና ጸሎቱ ሳያልቅ ካስታወሰ፣ ከታች «ጸሎትን ሰሚ» የምትባል በረከት አለች፤ እዚያ ላይ ያስገባታል። ጨርሶ ከረሳ ግን ጸሎቱን እንደገና ቆሞ መድገም አለበት። ለጎልማሳ ቀላል ነው። ጉልበቱ ለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ግን ቀላል አይደለም። ምላስ አዲሱን ቃል ለምዷል የሚባለው ከ30 ቀን በኋላ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ውስጥ የነበሩት የሮተንበርጉ ረቢ ሜኢር ለሌላዋ፣ ዝናብ የሚያወርደውን አምላክ ለምታመሰግነው ሐረግ መላ ነበራቸው። በአንድ ቀን 90 ጊዜ እየደጋገሙ ይሏት ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ30 ቀን፣ 90 ነውና። አባባም ዲሴምበር ሲቃረብ ሻይ እየጠጡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ሐረጓን ምላሳቸውን እያስለመዷት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት በሰላም አለፈ። ዲሴምበር 4 ቀን 2022 እሑድ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ «አባባ፣ ዛሬ ዝናብ ነው» አልኳቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙና ጸለዩ።

ችግሩ በሁለተኛው ዓመት መጣ። 2023፣ ዲሴምበር 4፣ ሰኞ። ኩራት ኩራት እያለኝ «ዛሬ ዝናብ ነው» አልኩ። አባባ መጽሐፋቸውን ገለጡ። በመነጽራቸው ላይ አጉሊ መስታወት ጨምረው አንዲት ትንሽ መስመር አነበቡ። ጣታቸውን እያነሱ «ነገ» አሉ። «ዘንድሮ 5 ነው።»

ድንግጥ አልኩ። አንድ ነገር አደራ ተሰጥቶኝ እሱንም ልስት ነበር። «እንዴት? አምና 4 አልነበር እንዴ?» አልኩ። አባባ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣላቸው ሃያ ዓመት ነው የሚቀንሱት። ወንበር ስቤ እንድቀመጥ ነገሩኝ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ እኔም ቀጣዩን አውቶቡስ አሳለፍኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ከባቢሎን ነው። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን በኤፍራጥስ ዳር ነሃርዴዓ በምትባል ከተማ ሳሙኤል የሚባሉ መምህር ነበሩ። አይሁዶቹ ሽሙኤል ይሏቸዋል። ሐኪምም ናቸው፣ የሰማይ ቆጣሪም ናቸው። ታልሙድ ላይ፣ የጥንት የአይሁድ መምህራን ትምህርትና ክርክር በተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ «የሰማይ መንገዶች እንደ ነሃርዴዓ መንገዶች ግልጽ ናቸው ለእኔ» ማለታቸው ተጽፏል። ቀጥለው «ከጅራታሙ ኮከብ በቀር፤ እሱ ምን እንደሆነ አላውቅም» ይላሉ። ይቺን ሁለተኛዋን አረፍተ ነገር ከመጀመሪያዋ አብልጬ ወደድኳት። እኒህ ሰው ዓመትን በአራት ከፈሉት። ከአንዱ ወቅት እስከ ሌላው 91 ቀን ከሰባት ሰዓት ተኩል። በአራት ስታባዙት 365 ቀን ከስድስት ሰዓት ይመጣል።

ልመናው የሚጀመረው ከእስራኤል ምድር ውጭ ላሉት አይሁዶች፣ በሳሙኤል አቆጣጠር የመጸው ወቅት ከገባ በ60ኛው ቀን ነው። ለዚህ ነው ጨረቃን ተከትሎ በሚሄደው የአይሁድ ዘመን አቆጣጠር ውስጥ ይቺ ቀን በፀሐይ የምትሄደው። አባባ በእርሳስ ወረቀት ላይ እየሠሩ አሳዩኝ። ስድስቱ ሰዓት በየዓመቱ ይጠራቀማል። ወቅቱ አንድ ዓመት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይገባል፤ በሚቀጥለው ከጠዋቱ ሦስት፤ ከዚያ ከቀኑ ዘጠኝ፤ በአራተኛው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። አይሁድ ቀንን የሚጀምረው ከምሽት ስለሆነ፣ በአራተኛው ዓመት ወቅቱ የሚገባው በማግስቱ ሂሳብ ነው። ያኔ ዲሴምበር 4 የነበረው 5 ይሆናል። ይህ የሚሆነው ሁልጊዜ ፌብሩዋሪ 29 ቀን ከሚኖረው ዓመት በፊት ባለው ዲሴምበር ነው።

እስኪ አስቡት። 365 ቀን ከሩብ። በየአራት ዓመቱ አንዴ በአንድ ቀን የሚሸሽ የፈረንጅ ቀን። ይህን ነገር የት ነው የማውቀው አልኩ። እንቁጣጣሽ! መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ይውልና በአራት ዓመት አንዴ 12 ይሆናል። ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት ማለት ነው።

ስልኬን አወጣሁ። የእኛን አቆጣጠር የሚያሳይ አፕ አለኝ፤ ለጾምና ለበዓል እጠቀምበታለሁ። ዲሴምበር 4 ቀን 2022ን አየሁ። ህዳር 25 ቀን 2015። ዲሴምበር 5 ቀን 2023ን አየሁ።

ህዳር 25 ቀን 2016።

እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን አይደለም። ወደፊት ሄድኩ። ዲሴምበር 4 ቀን 2024፤ ህዳር 25። ወደኋላ ሄድኩ። 2019፣ አባባ «ያኔም 5 ነበር» አሉኝ። ህዳር 25። ፈረንጁ ቀን ይዘልላል፤ የእኛ ንቅንቅ አይልም። ዘመነ ማቴዎስ ሆነ፣ ማርቆስ ሆነ፣ ሉቃስ ሆነ፣ ዮሐንስ ሆነ፣ ያቺ ማታ ህዳር 25 ማታ ናት። የቅዱስ መርቆሬዎስ ዕለት፣ የገና ጾም ከገባ አሥር ቀን ሲያልፍ።

ምሥጢሩ ቀላል ነው። የሳሙኤል ዓመትና የእኛ ዓመት እኩል ነው። የእኛ አቆጣጠር ከእስክንድርያ የመጣ ነው፤ ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ ብሎ የያዘ ነው። የሮማው የዩልዮስ አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ግን ከዚህ በ11 ደቂቃ ገደማ ያንሳል። በ400 ዓመት ሦስት ቀን ይሆናል። ፈረንጆቹ በ1582 አሥር ቀን ቆርጠው ጣሉና አቆጣጠራቸውን አስተካከሉ። እኛ አላስተካከልንም። አይሁዶችም በዚህች ነገር ላይ የሳሙኤልን ሂሳብ አልነኩም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሴቪል የነበሩት አቡዳርሃም ልመናው ኖቬምበር 22 እንደሚጀመር ጽፈዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዲሴምበር 3 ወይም 4 ነበር። ከ1900 ወዲህ 4 ወይም 5 ሆኗል። ከ2100 በኋላ 5 ወይም 6 ይሆናል። ያኔ እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ወይም 13 ይውላል። ህዳር 25 ግን ያው ህዳር 25 ነው።

ደግሞ ሌላ አለ። የሳሙኤል መጸው የሚገባበት ቀን፣ ከዋዜማው ምሽት ጀምረን ብንቆጥር፣ በእኛ መስከረም 27 ይውላል። በቤተ ክርስቲያናችን ክረምት መስከረም 25 ያበቃል፤ መስከረም 26 ዘመነ መፀው ይገባል። የአንድ ቀን ልዩነት ነው። ከመስከረም 27 ጀምራችሁ 60 ቁጠሩ፤ ህዳር 26 ላይ ታርፋላችሁ። ቀኑ ከዋዜማው ስለሚጀምር ህዳር 25 ማታ ማለት ነው። ይህን ማታውን ቤቴ ገብቼ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ በጣቴ ቆጠርኩት።

በማግስቱ አባባ አዲስ ቢጫ ወረቀት ሰጡኝ። «በእናንተ ፊደል ጻፊው» አሉ። «ህዳር ፳፭» ብዬ ጻፍኩ። አሮጌዋን አንስተው አዲሷን በማግኔት ለጠፏት። የልጃቸው ግራ መጋባት እስካሁን ፊቴ ላይ አለ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ቀኑ ነው። ዋናው ግን ልመናው ራሱ ነው፤ የተጀመረበት ምክንያት።

በእስራኤል ምድር ዝናብ የሚጥለው በቀዝቃዛው ወራት ነው። ከግንቦት አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ሰማዩ ይደርቃል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 11 ላይ ያቺ ምድር እንደ ግብጽ አይደለችም ይላል። ግብጽ በእግር ውሃ እየነዱ ያጠጧታል፤ ያቺ ግን ከሰማይ ዝናብ ትጠጣለች። ስለዚህ ዝናብ እዚያ የአየር ሁኔታ ብቻ አይደለም። ረቢ ዮሐናን የሚባሉ መምህር ሦስት ቁልፎች በእግዚአብሔር እጅ ብቻ ናቸው፣ ለመልእክተኛ አይሰጡም ብለዋል። የዝናብ፣ የማኅፀንና የሙታን ትንሣኤ ቁልፍ።

የዳስ በዓል የሚውለው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ሰው ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ዝናብ አይለምንም፤ በበዓሉ ቢዘንብ ዳሱ ይበሰብሳል፣ ደስታው ይበላሻል። በዓሉ ሲያልቅ፣ ሽሚኒ አጼሬት በምትባለው ቀን፣ ጸሎት መሪው ነጭ ልብስ ለብሶ ዝናብ የሚያወርደውን አምላክ ያመሰግናል። ይህ ማመስገን ነው። መለመን ገና ነው።

ለምን አይለምኑም? ዝናቡ ያስፈልጋል፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ሚሽና፣ የአይሁድ የቃል ሕግ የተሰበሰበባት ጥንታዊ መጽሐፍ፣ ለዚህ መልስ አላት። ራባን ገማልያል ይላሉ፣ ልመናው ሔሽቫን በሚባለው ወር በ7ኛው ቀን ይጀመራል። ከበዓሉ በኋላ 15 ቀን። ምክንያቱ? ለበዓሉ ኢየሩሳሌም የመጣው ሰው ሁሉ፣ ከሁሉ የራቀው፣ የመጨረሻው መንገደኛ ኤፍራጥስ ወንዝ እስኪደርስ ነው። (በሐዋርያት ሥራ የምናውቀው ገማልያል ከዚሁ ቤተሰብ ነው።)

አባባ ይቺን ሲነግሩኝ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ውሃውን ዘጋሁት። «ድገሙልኝ» አልኳቸው።

አንድ ሰው አለ። በአህያ ይሁን በግመል፣ ልጁን አዝሎ ይሁን ብቻውን፣ አናውቅም። ከኢየሩሳሌም ወጥቶ ወደ ባቢሎን እየተመለሰ ነው። መንገዱ ከዘነበ ይጨቀያል፣ ወንዙ ይሞላል። ለእሱ ሲባል አገር በሙሉ አፉን ይዞ ይጠብቃል። ገበሬው እርሻው ደርቆ፣ ጉድጓዱ ጎድሎ፣ «ዝናብ ስጠን» የምትለውን ቃል 15 ቀን ሙሉ አያወጣትም። የማያውቀው ሰው ቤቱ እስኪገባ።

የሚገርመው ደግሞ በሌላ በኩል ያለው ነው። በስርየት ቀን ሊቀ ካህናቱ ከቅድስተ ቅዱሳን ሲወጣ አጭር ጸሎት ነበረችው። ውስጧ «የመንገደኞች ጸሎት በፊትህ አትግባ» የምትል አለች። መንገደኛ ዝናብ እንዳይመጣ ይለምናልና፤ ዓለም ግን ዝናብ ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። መንገደኛው ለራሱ ብሎ ዝናቡን ቢያስቀር አይሰማም። ሌላው ግን ለእሱ ብሎ ይታገሣል። ስለ ጸሎት ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ቤተ መቅደሱ በፈረንጆቹ 70 ዓ.ም. ፈርሷል። ያ መንገደኛ ከ1900 ዓመት በላይ አልሄደም። እስራኤል ውስጥ ግን ዛሬም እስከ ሔሽቫን 7 ይጠበቃል።

ባቢሎን ያሉት ደግሞ አገራቸው ዝቅ ያለ ነው፤ በኤፍራጥስና በጤግሮስ ይጠጣል። ታልሙድ ላይ ራቭ የሚባሉት መምህር ባቢሎን ያለ ዝናብ ስለምታጭድ ሀብታም ናት ይላሉ። ስለዚህ ሐናንያ የሚባሉት መምህር በስደት ያለው 60 ቀን ይቆይ አሉ። ያ ውሳኔ ነው ከባቢሎን ተነስቶ እስከ ሜሪላንድ የፍሪጅ በር የደረሰው።

እዚህ ላይ አባባን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ በውስጤ የነበረ ነገር ነው።

ምንጃር የጤፍ አገር ነው። ህዳር ለእኛ የአጨዳ ወር ነው። በ1990 ዓ.ም. ህዳር ልጅ ነበርኩ። ጤፉ ታጭዶ ነዶው መሬት ላይ ተዘርግቷል። ማታ ሰማዩ ከፋው። ከዚያ ዘነበ። ሦስት ቀን። አባቴ ያለንን ላስቲክ ሁሉ፣ የአልጋ ልብሱንም ጭምር፣ ይዞ ወጣ። የት ይደርሳል። ዝናቡ ባባራ ጊዜ አንዱን ነዶ አንስቶ በመዳፉ አሸው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ፍሬው ጠቁሯል፤ አንዳንዱ ላይ ነጭ ክር የመሰለ ቡቃያ ወጥቷል። ጤፉ ነዶው ላይ እንዳለ በቅሏል። አባቴ ምንም አላለም። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና ወደ ቤት ገባ። ያን ዓመት ነጭ ጤፍ አልሸጥንም። የቤተ ክርስቲያኑ እግዚኦታ ዝናቡ እንዲቆም ነበር።

«አባባ፣ እርስዎ ዝናብ የሚለምኑበት ማታ አባቴ ዝናብ እንዳይመጣ የሚለምንበት ነው» አልኳቸው። «ታዲያ የማንን ይሰማል?»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የነነዌ ሰዎችን ነገሩኝ። የዮናስ ነነዌ አይደለም፤ እዚያ ይኖሩ የነበሩ አይሁዶች ናቸው። ሚሽናን ላዘጋጁት ለረቢ ይሁዳ መልእክት ላኩ። «እኛ በታሙዝ ወር፣ በበጋው እንኳን ዝናብ እንፈልጋለን። ምን እናድርግ?» አሉ። መልሱ እንዲህ ነበር። እናንተ እንደ ግለሰብ ናችሁ፤ «ጸሎትን ሰሚ» በምትለው በረከት ላይ ለምኑ። የጋራው ጸሎት አይነካም፤ ግን ለእያንዳንዱ አገር ችግር በር አለው።

ይህ መልስ ሁሉን አላስደሰተም። ከጀርመን ወደ ስፔን የተሰደዱት ረቢ አሸር በ1313 ቶሌዶ ድርቅ ሲመታት፣ እኛ ባቢሎን አይደለንም፣ ዝናብ እስከ ጰንጠቆስጤ እንለምን ብለው ሞገቱ። ማኅበረሰቡ አልተቀበላቸውም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከብራዚል፣ ሬሲፌ ከነበሩት አይሁዶች፣ ወደ ሳሎኒካው ረቢ ሐይም ሻብታይ ጥያቄ ሄደ። ወቅቱ ተገልብጦብናል፤ እናንተ ዝናብ ስትለምኑ እኛን ይጎዳናል አሉ። በጎጂው ጊዜ አትለምኑ፣ ሲያስፈልጋችሁ በዚያችው «ጸሎትን ሰሚ» ላይ ለምኑ የሚል መልስ መጣላቸው። እኔ በልቤ ከረቢ አሸር ጋር ነኝ። ሰው የቆመበትን መሬት እያየ ቢለምን ይሻላል። አባባ ግን አልተስማሙም። «ሁሉም በየፊናው ቢለምን አንድ ሕዝብ መሆናችን በምን ይታወቃል?» አሉኝ። ይህን ክርክር ሁለት ክረምት አልጨረስነውም።

የጎንደሮቹ ቤተ እስራኤላውያን እንዴት ያደርጉ ነበር ብዬ አስቤያለሁ። ታልሙድ አልደረሳቸውም፤ ስለዚህ የገማልያል 15 ቀንም የሐናንያ 60 ቀንም አልነበራቸውም። እነሱ ከስርየት ቀን በ50ኛው ቀን፣ በሔሽቫን 29፣ ሥግድን ያከብራሉ። ምህላም ይሉታል። ጾመው ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጡ ነበር፤ ቄሶቹ በግዕዝ ያነብቡ ነበር። ከተራራው ሥር ያለው እርሻ ያኔ የሚታጨድ ነው፤ ዝናብ የሚናፍቅ አይደለም። ዛሬ ልጆቻቸው ኢየሩሳሌም ናቸው። ሥግድ ከፈረንጆቹ 2008 ጀምሮ በእስራኤል ሕግ የታወቀ በዓል ነው። በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ፣ በ7ኛው ቀን፣ ከሌላው ጋር ሆነው ዝናብ ይለምናሉ። አያቶቻቸው በጥቅምትና በህዳር የሚፈሩትን ዝናብ ልጆቻቸው በዚያው ወራት ይናፍቁታል። ስደት እንዲህም ያደርጋል፤ ሰማዩን ይቀይራል።

አባባ ባለፈው ዓመት ሄዱ። ኢየሩሳሌም ያለችው ሌላዋ ልጃቸው ወሰደቻቸው። ሻንጣ ስናዘጋጅ ቢጫዋን ወረቀት ከፍሪጁ ላይ አንስተው ጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ከተቷት። «እዚያ አታስፈልግዎትም እኮ፤ እዚያ ሔሽቫን 7 ነው» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ። ግን አላወጧትም።

በ2018 ጥቅምት 18 ስልኬ ጠራ። የአባባ ልጅ ናት፤ ስልኩን ሰጠቻቸው። እዚያ መሽቷል። «ዛሬ ጀመርን» አሉኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል። «መንገደኛው ገባ ማለት ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ያወራነውን አላስታውስም። ስለ እግራቸውና ስለ ሾርባ ይመስለኛል።

የእኔ ስልክ ላይ ያስቀመጥኩት ማስታወሻ ግን አሁንም አለ። በእኛ አቆጣጠር ነው የሞላሁት፤ በየዓመቱ፣ ህዳር 25፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። ዘንድሮም ጮኸ። ሌላ ቤት ነበርኩ፤ የምጠብቃቸው ሴትዮ የማይጸልዩ ናቸው። ድምፁን አጠፋሁትና መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ሜሪላንድ ቀዝቅዟል፤ ሰማዩ ግራጫ ነው።

ሌሊቱን ጠብቄ፣ ምንጃር ሲነጋ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ደመና አለ ወይ?»

«የለም ልጄ» አለኝ። «ጥርት ብሏል። ዛሬ የታችኛውን እናጭዳለን።»